ስፒከር ልገዛ ሄጄ ለቅሶዬ ላይ ደረስኩ

እኔ ደስ ሲለኝም ያዘንኩ እመስላለሁ። ይህን ቀድሜ ካልነገርኳችሁ ኋላ የሚመጣው ጉድ አይገባችሁም። ሠርግ ላይ ስገኝ የሙሽራዋ እናት ትደነግጣለች። ጠዋት ቢሮ ገብቼ "እንደምን አደራችሁ" ስል "ምነው? ምን ሰማህ?" የሚለኝ አይጠፋም። የምሠራው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ንብረት ክፍል ነው። አንድ ቀን ማዳበሪያ ሊወስድ የመጣ ገበሬ ፊቴን አየና ባርኔጣውን አውልቆ "እግዜር ያጽናህ" አለኝ። ማዳበሪያው አልቋል ልለው ነበርና እኔም "አሜን" ብዬ ሸኘሁት።

እንዲህ ያለ ሰው ለሙዚቃ ብሎ በየአገሩ ተንከራተተ ቢሉኝ እኔም አላምንም። ለራሴ ቢሆን ደግሞ አላደርገውም ነበር። ለአባቴ ነው።

አባቴ መካነ ሰላም ገበያ ዳር ዕድሜ ልኩን ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ከስፌት መኪናው አጠገብ አንዲት የሸክላ ማጫወቻ ነበረችው። የዛሬ ዕቃ እንዳትመስላችሁ። ሆድዋ ውስጥ ያሉት የመስታወት አምፖሎች ናቸው። ስትከፈት መጀመሪያ ትሞቃለች፣ ቀጥላ ታስባለች፣ ደስ ካላት ትዘፍናለች። ሰው ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ሸክላ ሲሰማ ውሎ ሱሪውን ረስቶ ይሄድ ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ግን የአባቴ ዓይን ደከመ፣ ጆሮውም ከዳው፣ የስፌት መኪናውም ተሸጠ። የመጨረሻ ሥራው ለእኔ የሰፋልኝ አረንጓዴ ኮት ነው። ዓይኑ ከደከመ በኋላ የሰፋው ስለሆነ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል፤ ሰው ከሩቅ ሲያየኝ የሚለየኝ በእጅጌዬ ነው። ማጫወቻዋ ብቻ ቀረች። የእሷንም ስፒከር ክረምት ላይ አይጥ በላው።

ከዚያ አባቴ ዝም አለ። ጠዋት ወንበሩን ደጅ ያወጣል፣ ማታ ያስገባል፤ በመሐል አንድ ቃል ላይወጣው ይችላል። ደሴ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ጆሮውን በባትሪ ሲያይ ቆይቶ "እርጅና ነው" አለኝ። እርጅና መሆኑንማ ሳንሳፈርም እናውቅ ነበር። ከደሴ ስንመለስ ተስፋ ቆርጬ፣ እንዲያው ለሙከራ፣ አንዲት የቴፕ ስፒከር ማጫወቻዋ ላይ ቀጥዬ ሸክላ አስቀመጥኩና ፊት ለፊቱ ተንበርክኬ ጮህኩ።

"አባዬ! ይሰማሃል?"

ትክ ብሎ አየኝ። "ይሰማኛል" አለ። "ግን ሩቅ ነው። ከአባይ ማዶ እንደሚዘፍን ሰው ነው።" ከዚያ ፈገግ አለ! እናቴ ከሞተች ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው። "ትንሽ ኃይል ቢኖራት…" ብሎ እጁን ወደ ላይ አነሳ።

በቃ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ኃይል ያለው ስፒከር ካላመጣሁ አባቴ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ከእኔም ከማንም ጋር ሳይነጋገር፣ ዝም ብሎ ያልፋል የሚል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ሌላ ሰው እንዲህ ሲጨነቅ ፊቱ ያስታውቃል። የእኔ ግን ያው ነው፣ ማንም አላወቀልኝም።

ማጫወቻዋን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እንደገና ደሴ፣ ራዲዮ ሠሪ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውየው ከፍቶ አያትና "ጤነኛ ናት" አለኝ። "ጉልበቷ ግን ትንሽ ነው። የዛሬ ስፒከር ደግሞ ሆዳም ነው፣ ብዙ ካላጎረስከው አይናገርም። ለእሷ የሚሆናት የድሮው ዓይነት ነው፤ ወረቀቱ ቀላል፣ ማግኔቱ ከባድ፣ አፉ ላይ ጡሩምባ ያለው። በትንሽ ኃይል አገር የሚያሰማ። ድሮ ፊልም የሚታይባቸው አዳራሾች የነበራቸው።"

"የት ይገኛል?"

"እሱማ ከባለቤቶቹ ጋር መቃብር ገብቷል" ብሎ ሳቀ። ቀልዱ ያኔም አላሳቀኝም፤ ዛሬማ ጭራሽ አያስቀኝም። ስቆ ሲጨርስ ግን አንድ የድሮ አዳራሽ ሠራተኛ አዳራሹ ሲዘጋ ጥንዱን ስፒከር ወደ ወረኢሉ ይዞ እንደገባ፣ ሰውየው ማረፉን፣ ሚስቱ እትዬ ዘነቡ ግን እዚያው እንዳሉ ነገረኝ።

ለአባቴ "አድሬ እመጣለሁ" ብዬ በእጄ እያሳየሁ ነግሬው ወረኢሉ ወረድኩ። እትዬ ዘነቡ ደግ ሴት ናቸው። ገና ደጃፍ ላይ ፊቴን አይተው "ግባ ልጄ፣ ግባ፣ ምን ደረሰብህ?" አሉኝ። ለስፒከር እንደመጣሁ ስነግራቸው ሳይረጋጉ ቆዩ፤ የምደብቃቸው ነገር ያለ መስሏቸው ነበር። በመጨረሻ ጓዳ አስገቡኝ። እነሆ! እያንዳንዱ የሰው ቁመት የሚያህል፣ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ፣ በላዩ ጡሩምባ የተሰካበት ጥንድ ሣጥን ቆሟል። ያ ሁሉ ቦታ በከንቱ እንዳይቀር እትዬ ዘነቡ የጀርባውን ሳንቃ አስፈትተው አንደኛው ውስጥ የገብስ ከረጢት አስገብተዋል። ሁለተኛው ውስጥ ዶሮ ታቅፋለች።

በዋጋው ቶሎ ተስማማን። በዶሮዋ ግን አልተስማማንም።

"የገብሱን አሁኑኑ ውሰድ። ይህችኛዋ ግን እስክትፈለፍል አትነቃነቅም" አሉኝ።

"እትዬ፣ ቀስ ብለን ከነእንቁላሏ ወደ ቅርጫት ብናዛውራትስ?"

"ያረቢ! የታቀፈች ዶሮ ተነስታ ታውቃለች? እናንተ ቤት ዶሮ አይረባም?"

"እሺ፣ አንዱን ይዤ ልሂድና ሌላውን ተመልሼ ልውሰድ።"

"ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና 'እነዚህ ጥንድ ናቸው፣ ለየብቻ ከተሸጡ እኔና አንቺ ተጣላን' ብሎኝ ነው የሞተው። ከሞተ ሰው ጋር አታጣላኝ።"

የግብርና ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ዶሮ እርባታ ሥልጠና ወስጃለሁ። ሥልጠናው ላይ ግን ዶሮዋን እንዴት እንደሚያስቸኩሏት አልነገሩንም። አልጋ ተከራይቼ ቁጭ አልኩ። ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደረች?" እያልኩ እጠይቃለሁ። ዶሮዋም እኔን ስታይ ላባዋን ነፍታ ታጉረመርማለች፤ እሷም ፊቴ ደስ አላላትም መሰለኝ። ሞባይል ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም። ቢሮ እንዳይቆጡኝ በአንድ አውቶቡስ ረዳት "ወረኢሉ ላይ ክፉኛ ታምሜያለሁ፣ ለአለቃዬ ንገሩልኝ" ብዬ ላክሁ። ዶሮ እየጠበቅሁ ነው ብዬ እንዴት ልላክ? ረዳቱም የሌላ ጊዜ መልእክት ሁሉ እየረሳ ይህንን አድርሷል፤ እንደውም ጨምሮበታል።

በስንት ጭንቅ ጫጩቶቹ ወጡ። እትዬ ዘነቡ ሣጥኑን ጠራርገው፣ ሳንቃውን አስመትተው፣ ደመናውን ቀና ብለው አዩና "ይህ በዝናብ ሲበሰብስ ባለቤቴ ከመቃብር ይነሳብኛል" አሉ። ከዚያም ለባላቸው ሐዘን ለብሰውት የነበረውን ጥቁር ነጠላና ጥቁር ጋቢ አወጡ። "ሐዘኔን አውልቄያለሁ፣ ይህንን ቤት ውስጥ ማየት አልሻም፣ አንተ ጋ ይሙት" ብለው ሁለቱንም ሣጥን ከላይ እስከ ታች ጀቦኑልኝ፤ በገመድም ጥፍር አድርገን አሰርናቸው። እኔም ደግነታቸውን አይቼ እጃቸውን ሳምኩ። የሠራነው ነገር ምን እንደሚመስል ግን አንዳችንም ወደ ኋላ ብለን አላየንም።

ወደ መካነ ሰላም ስኳርና ሳሙና የጫነ መኪና አገኘሁ። ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር ከሣጥኖቼ ጋር ጭነቱ ላይ ወጣሁ። ሣጥኖቹን አስተኝቼ በመሐላቸው ተቀመጥኩ፤ ነፋሱ አያስቀምጥምና ጋቢዬን እስከ ግንባሬ ተከናነብኩ።

መንገዱ ላይ የገጠመኝን ክብር በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም። ገበያተኛው መኪናችንን ሲያይ ከመንገድ ወጥቶ ይቆማል። ወንዱ ባርኔጣውን ያወልቃል። እስላሞቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱአ ያደርጋሉ። አንዲት አሮጊት ደረታቸውን ደቁ። እኔም "ይህ ሕዝብ የመንግሥት ሠራተኛ ያከብራል፣ ቢሯችን ግን ይህንን አያውቅም" እያልኩ እንደ ትልቅ ሰው እጄን አወዛወዝኩላቸው። በኋላ ሳስበው፣ በጥንድ ሬሳ መሐል ተቀምጦ ዞር ዞር እያለ ሰላምታ የሚሰጥ ሐዘንተኛ ማየት ሳያስደነግጣቸው አልቀረም። ግን አንድም ሰው "ምንድን ነው የጫናችሁት?" አላለም። በእኛ አገር ሬሳ ይዞ የሚሄድን ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ማን ሞተ ማለት ነውር ነው። ያዝንልሃል፣ ያሳልፍሃል፣ ዝም ይላል።

አቀስታ ስንደርስ ጉሙ ወረደ፣ ዝናቡም ጀመረ። መኪናው ደግሞ "ከዚህ አልሄድም" አለ፤ ሾፌሩ መኪናው ሥር ገብቶ ሲነካካ ቆየና "እዚሁ ማደራችን ነው" አለኝ። የአንዱ ሣጥን ጨርቅ ሸሽቶ የጡሩምባው ጫፍ ብቅ ብሎ ነበርና ውሃ እንዳይገባበት ኮቴን አውልቄ ላዩ ላይ ዘረጋሁለት። እኔ ሸራ ሥር ገብቼ ተኛሁ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ቆይቼ ነው። ሸራ ሥር ሳንኮራፋ ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ አጠገባችን ቆሟል። አውቶቡሱ ውስጥ ጎረቤታችን አያ መኮንን አሉ። አያ መኮንን በመስኮት ሲያዩ ጥቁር የለበሱ ሣጥኖች ያያሉ። አንዱ ሣጥን ላይ ደግሞ አረንጓዴ ኮት ተዘርግቷል፤ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል። ሟች ሲለቀስ ልብሱ እንደሚዘረጋ የማያውቅ የለም። የእኔን ክፉኛ መታመም ደግሞ ቢሮዬ ለከተማው ሁሉ አዳርሶታል። አያ መኮንን ወርደው ሾፌሩን አንድ ቃል ቢጠይቁ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እሳቸው ግን ጨዋ ሰው ናቸው። ፊታቸውን ሸፍነው መካነ ሰላም ድረስ እያለቀሱ ሄዱ።

እንደደረሱም በቀጥታ ወደ ቅሬ ዳኛችን፣ ወደ ሸህ እንድሪስ። ቅሬ ያልኩት ሌላ አገር ዕድር የሚባለውን ነው፤ እኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ይቀብራል። ሸህ እንድሪስም "ኢና ሊላህ" ብለው ድንኳን አዘዙ፣ ንፍሮ አዘዙ፣ ቆፋሪ አዘዙ።

"ሁለተኛው ሣጥንስ የማን ነው?" አለ አንዱ።

ይህ ለከተማችን ሴቶች ከባድ ጥያቄ አልነበረም። ይህ ሰውዬ ሚስት የለውም። ወረኢሉ አድሬ እመጣለሁ ብሎ ሄዶ ሳይመለስ ቆየ። ሰው ያለ ምክንያት ወረኢሉ አይቆይም። አግብቶ ነበር! ሙሽራይቱን ይዞ ሲመጣ አብረው ቀሩ! ቆፋሪዎቹም ጉድጓዱን ጥንድ አደረጉት። በዕድሜዬ አንዲት ሴት ፊቴን ደግማ ሳታየው፣ የከተማው ሴቶች ሚስት ድረውልኝ ቀብረውልኛል።

መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ የሚነገረውም በለሆሳስ፣ ዙሪያ ጥምጥም እየተሄደ ነው። ሸህ እንድሪስ ደግሞ በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ሰው ልጁ መሞቱን ከእሳቸው አፍ ሲሰማ ግማሽ ሐዘኑ ይቀልለታል ይባላል። ታዲያ አባቴ አይሰማም። ሸህ እንድሪስ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ገቡና በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው "ያው እንግዲህ የሰው ልጅ…" አሉ።

"እ?" አለ አባቴ።

"የሰው ልጅ!"

"የማን ልጅ?"

ሸህ እንድሪስ ላብ አጠመቃቸው። ያን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ትተው በሙሉ ድምፃቸው ጮሁ። መካነ ሰላም በሙሉ መርዶዬን በአንድ ጊዜ ሰማ፤ ያልሰማው አባቴ ብቻ ነው። እሱ ግን የሰዎቹን ፊት እያዟዟረ አየና፣ ማንም ምንም ሳይደግምለት፣ ከወንበሩ ተንሸራቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። የቀረውን ኋላ በእጃቸው እያሳዩ አስረዱት።

እኔ በበኩሌ በማግስቱ ረፋድ ላይ መኪናችን ተሠርቶ፣ ዝናቡም አባርቶ፣ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ደስታዬ እንደተለመደው ፊቴ ላይ አይታይም እንጂ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሰፈራችን በላይ ባለው መታጠፊያ ላይ ቁልቁል ሳይ እኛ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል።

የሆንኩትን መናገር አልችልም። አባቴ! አድሬ እመጣለሁ ያልኩት አባቴ፣ እኔ ዶሮ ስጠብቅ ብቻውን ሞተ! ሾፌሩ "ኧረ ሰውዬ፣ ዕቃህ!" እያለ ሲጮህ ከጭነቱ ላይ ዘልዬ ቁልቁል ሮጥኩ። በዋናው በር መግባት አልቻልኩም፤ እንደዚያ ያለው ነገር ፊት ለፊት አይታይም። በጓሮ ዞርኩና አጥሩ ጋ ስደርስ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ።

እግዜር ይመስገን፣ በሕይወት አለ! ታዲያ የማን ለቅሶ ነው? ቆሜ አዳመጥኩ። አባቴ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ሲናገር ይጮሃል፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እሱ ብቻ ይናገራል።

"የእኔ ዝምተኛ! የእኔ ጨፍጋጋ! ሚስት አግብቶ ሳላያት!" ይላል። ሴቶቹ "ወየው!" አሉ። ያኔ ነው የሞትኩት እኔ እንደሆንኩ የገባኝ። አጥሩን ዘልዬ "አለሁ" ልል አፌን ከፈትኩ።

"እኔ ነኝ የገደልኩት!" አለ አባቴ። "ጆሮዬ እኮ ከሞተ ቆየ! እናቱን በቀበርናት ክረምት ነው ጭር ያለብኝ! ነጎድጓድ እንኳ አልሰማም! ያቺን ሸክላ አስቀምጦ ፊቴ ተንበረከከና 'ይሰማሃል?' አለኝ። ከንፈሩን አየሁት። ያ ፊቱ፣ ያ የማይፈታ ፊቱ፣ ሊፈታ ነው! አይሰማኝም ካልኩት ሊጨልምብኝ ነው! ይሰማኛል አልኩት! ሩቅ ነው፣ ኃይል ይጨመር አልኩት! እኔ ምን አውቄ! ለማይሰማ ጆሮ ስል ልጄን በመንገድ አስበላሁት!"

አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። ከዚያ እዚያው ሳማው መሐል ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሳማው ሲለበልበኝ እንኳ አልተነሳሁም። ያን ጊዜ ለቅሶዬ ላይ ከእኔ የበለጠ የሚያለቅስ አልነበረም።

ንፍሮ አጥባ ውሃውን በአጥር ልትደፋ የመጣች ጎረቤት ናት ያገኘችኝ። ውሃው ላዬ ላይ ፈሰሰ፤ ቀና ስል ፊቴን አየች፤ እሪታዋን አቀለጠችው። ከድንኳኑ ግማሹ ሰው በዋናው በር ወጣ፣ ግማሹ በሸራው ሥር ሾልኮ ጠፋ። ሸህ እንድሪስ ብቻ አልተነቃነቁም፤ "ቢስሚላህ" እያሉ ወደ እኔ መጡና ትከሻዬን ቆነጠጡት።

"ሕያው ነህ?" አሉኝ።

"አለሁ፣ ሸህዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

አባቴ መሬት ላይ እንደተቀመጠ አየኝ። አልጮኸም፣ አልተነሳም። ከራሴ እስከ እግሬ እያየ ብዙ ቆየ። እጄን ያዘ፣ ሸሚዜን ያዘ፣ እርጥብ መሆኑን አየ።

"ኮትህስ?" አለኝ። "በዚህ ብርድ ኮትህን የት ጣልከው?"

ከዚያ በኋላ የመጣው ጭቅጭቅ ነው። የሸሸው ተመለሰ፣ የተቆጣው ተቆጣ። ሣጥኖቹ ወርደው ሲፈቱ ከአንዱ የዶሮ ላባ፣ ከሌላው የገብስ ፍሬ ወጣ። ሴቶቹ አንገታቸውን አስግገው አዩና "ሙሽራይቱስ?" አሉኝ። ሚስት የሚባል እንደሌለኝ ስነግራቸው አንዷ "ውይ የእኔ እንባ!" ብላ ተቀየመችኝ። ሌሎቹ ግን ያን ጊዜ ከልባቸው አዘኑልኝ። አለቃዬ ጥቁር ክራቫቱን እያላላ መጥቶ ጨበጠኝና "እንግዲያውስ ነገ ሥራ ትገባለህ" አለኝ። ቆፋሪዎቹም አፈር በአፈር ሆነው ከነአካፋቸው ደረሱና "የተቆፈረ ጉድጓድ ክፍቱን አያድርም፣ አሁን ማን ይገባበታል?" ብለው ሁሉንም ሰው በየተራ አዩ። ማንም ፈቃደኛ አልሆነም።

"መልሳችሁ ድፈኑት" አሉ ሸህ እንድሪስ። "ንፍሮው ግን ይበላል። የተነሳ ለቅሶ ሳይመረቅ አይበተንም።" ሁላችንም ተቀመጥን። የገዛ ንፍሮዬን ቆረጠምኩ፤ ጨው አንሶታል። ሸህ እንድሪስ መዳፋቸውን ዘርግተው "ያ አላህ፣ ዕድሜውን አርዝምለት፣ ፊቱንም ፍታለት" አሉ። ያ ሁሉ ሰው "አሚን!" አለ። 'ፊቱን ፍታለት' ሲባል ከሌላው የበለጠ እንደጮኹ አስተውያለሁ።

ማጫወቻዋንና ስፒከሮቹን ያገናኘሁት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። መተው እችል ነበር። ስንት ጊዜ ልተወው ብዬ ሽቦውን ይዤ ቁጭ አልኩ። አባቴ ግን ወንበሩን ራሱ አምጥቶ በሣጥኖቹ ፊት፣ ፊቱን ወደ ገበያው ጀርባውን ወደ ማጫወቻዋ አድርጎ፣ ተደላድሎ ተቀመጠና "በል እንግዲህ" አለኝ። ድንኳኑ ውስጥ የተናገረውን እንደሰማሁበት አላወቀም። እኔም አልነገርኩትም።

አምፖሎቹ ሞቁ። ሸክላውን አስቀመጥኩ። ምን ብዬ ልንገራችሁ! ያ የደሴ ራዲዮ ሠሪ አልዋሸም። ያቺ ደካማ ማሽን በእነዚያ ጡሩምባዎች ስትዘፍን ዘፋኙ ሳል ሊይዘው ሲል እንኳ ይሰማል። ክራሩ ሲነካ ጣቱ ያለበት ቦታ ይታወቃል። መንገደኛው ቆመ። አያ መኮንን አጥራቸው ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሸህ እንድሪስ ከሶላት ሲመለሱ ደጃችን ላይ ቆመው "ማሻአላህ" አሉ። እንዲህ ያለ ድምፅ በዚያች ከተማ ተሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ዞሬ በአባቴ ፊት ተንበረከክሁ። "ይሰማሃል?"

"ኧረ ምን ጥያቄ ነው!" አለ። "አሁን ገና! ቁልጭ ብሎ!" መዳፉን ጉልበቱ ላይ እየመታ ራሱን መወዝወዝ ጀመረ። ዘፈኑ ዝግ ያለ ትዝታ ነው፤ እሱ የሚመታው የሠርግ ነው። ይህንን ያየ ሁሉ ዞር ብሎ ወደ እኔ አየ። እኔም ሳቅሁ። ማመን እንዳያቅታችሁ፣ ጥርሴን አሳይቼ ሳቅሁ። አባቴም አየኝና ይበልጥ መታ።

ወዲያው መብራት ሄደ። ሸክላው እየተጎተተ፣ ዘፋኙ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው እየተንቀረፈፈ፣ ቆመ። አያ መኮንን ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ቤታቸው ገቡ። መንገደኛውም ሄደ። ገበያው ዳር የሚጮህ አህያ ብቻ ይሰማል።

አባቴ ግን አልተወም። ጉልበቱን እየመታ "ከዘፈኑ ይህችን ቦታ በጣም ነው የምወዳት" አለኝ።

"እኔም" አልኩት። ትንሿን በርጩማ ሳብኩና አጠገቡ ተቀምጬ፣ መብራት እስኪመጣ ድረስ በሱ ምት ራሴን ስወዘውዝ ቆየሁ።